የዘይቱ ጥቅምና የእጣቢው ዕዳ

በየዕለቱ ወደ ማጀታችን ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ስለ ዋጋቸው እንጂ ስለ አመጣጣቸው የማንጠይቃቸው ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የፓልም ዘይት ነው። በደጋው ብርድ ጄሪካኑ ውስጥ ረግቶ የሚያድረውን፣ የቤት እመቤቶችም ጠዋት በፀሐይ ወይም በምድጃ ዳር አሟሙተው የሚቀዱትን ይህን ዘይት የማያውቅ የከተማ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል። ከዋጋው ርካሽነት የተነሣም ብዙ ሰው ለሚመገብበት ወጥ ቤት ሁሉ፣ የተማሪ ቤትም ይሁን የጦር ካምፕ፣ ተፈላጊ መሆኑ አይደንቅም። ይሁን እንጂ ዘይቱ ለእኛ ሲረክስ በሌላ ስፍራ ያስከተለው ዕዳ ምን ያህል እንደሆነ በጄሪካኑ ላይ አልተጻፈም። ዕዳው የተመዘገበው በወንዝ ላይ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ነው። የፓልም ዘይት ሲጨመቅ የሚወጣውን ፍሳሽ ለማጣራት በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው አዲስ የቴክኒክ ዘዴ ምን ያስከፍላል? ምንስ ያስገኛል? ከፋዩ ማን ነው? ተጠቃሚውስ ማን ነው? ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንጠይቃለን፤ የእኛም ወንዞች ከዚህ ነገር የራቁ አይደሉምና።

የዘይት ዘንባባ የትውልድ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሻገረው በ19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በማሌዢያ ለንግድ የታሰበው የመጀመሪያው እርሻ እ.ኤ.አ. በ1917 በሰላንጎር ግዛት ተተከለ። ዛሬ ኢንዶኔዢያና ማሌዢያ ሁለቱ ብቻ ከዓለም የፓልም ዘይት ምርት ከመቶ 80 እጅ የሚበልጠውን ያመርታሉ።

ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ውሎ ማደር አይችልም፤ ቶሎ ካልተቀቀለ ዘይቱ ይበላሻል። ስለዚህ ፋብሪካው የሚተከለው ከከተማ ርቆ፣ ከእርሻው መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወንዝ ዳር ነው። ዘለላው እንደ ደረሰ በትላልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ፍሬው ከዘለላው ይራገፋል፤ ይደቆሳል፤ ይጨመቃል፤ ከዚያም በሙቅ ውሃ ተበርዞ ዘይቱ ከላይ እንዲንሳፈፍ፣ አተላው ከታች እንዲዘቅጥ ይደረጋል። አንድ ቶን ድፍድፍ ዘይት ለማውጣት ከ5 እስከ 7 ቶን ተኩል የሚደርስ ውሃ ይፈጃል። ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው ቡናማና ወፍራም ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ከፍሳሹ ከመቶ 60 እጁ ገደማ የሚመነጨው ዘይቱ ከሚጠልበት ክፍል፣ 36 እጁ ከመቀቀያው፣ የቀረው ጥቂቱ ደግሞ አስኳሉን ከቅርፊቱ ከሚለየው መሣሪያ ነው። ከፋብሪካው ሲወጣ ሙቀቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ የሚኮመጥጥ አሲድነትም አለው።

የዚህ ዓይነቱ ፍሳሽ ብርታት የሚመዘነው በዓይን ሳይሆን በኦክሲጅን ነው። ረቂቅ ተሐዋስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ብስባሽ በልተው ለመጨረስ የሚፈልጉት የኦክሲጅን መጠን በላቦራቶሪ ይለካል። በማሌዢያ ሕግ መሠረት ናሙናው በ30 ዲግሪ ሙቀት ለ3 ቀናት ተቀምጦ ነው የሚመረመረው። ያልተጣራ የፓልም ፍሳሽ በአንድ ሊትር 25,000 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይሻል። ይህም ከመኖሪያ ቤቶች ከሚወጣው ተራ የከተማ ፍሳሽ ጋር ሲነጻጸር ወደ 100 እጥፍ ይጠጋል።

ቁጥሩ ለብዙው አንባቢ ደረቅ እንዳይሆንበት አንድ ሒሳብ እናስላ። በሰዓት 60 ቶን ዘለላ የሚጨምቅ ፋብሪካ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 1,200 ቶን ዘለላ ይፈጃል። ከእያንዳንዱ ቶን ዘለላ 0.65 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ ስለሚወጣ የቀኑ ድምር 780 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ፍሳሽ ከወንዙ የሚነጥቀው ኦክሲጅን 19 ቶን ተኩል ያህል ነው። አንድ ሰው በቀን ከሚጥለው ቆሻሻ የሚመጣው ጫና 50 ግራም ገደማ እንደሆነ ብንወስድ፣ አንዱ ፋብሪካ ብቻውን ወደ 390,000 ሕዝብ የሚኖርበትን ከተማ ያህል ወንዙን ያስጨንቃል ማለት ነው። በጫካ መካከል የቆመው ፋብሪካ ሠራተኞች በመቶ የሚቆጠሩ ቢሆኑ ነው። የሚያመነጨው ፍሳሽ ግን የአንድ ታላቅ ከተማ ነው።

እዚህ ላይ የፋብሪካ ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ መከራከሪያ አለ። ፍሳሹ መርዝ አይደለም፣ ዘይቱ ሲወጣ ምንም ኬሚካል አይገባበትም ይላሉ። እውነት ነው። የጠላ አተላም መርዝ አይደለም፤ እንዲያውም ከብት ይቀለብበታል። ነገር ግን የመንደሩን አተላ ሁሉ ሰብስቦ በምንጩ ላይ የሚደፋ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ መርዝ አለመሆኑን ሰምቶ ዝም አይለውም። ዓሣን የሚገድለው መርዝ ብቻ አይደለም፤ የሚተነፍሰው ማጣትም ይገድለዋል። ተሐዋስያኑ በብስባሹ ላይ ተረባርበው የወንዙን ኦክሲጅን ሲጨርሱ ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ይሞታል፤ ውሃው ይጠቁራል፤ ጠረኑም የበሰበሰ እንቁላል ይሆናል።

ወታደር የሆነ አንባቢያችን ይህን ጉዳይ ለመረዳት ሳይንስ አያስፈልገውም። ጦር በወንዝ ዳር ሲሰፍር የመጀመሪያው ትእዛዝ ውሃውን መከፋፈል ነው። የመጠጡ ከላይ ይቀዳል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ገላና ልብስ የሚታጠበው ከሁሉ በታች ነው። ይህን ሥርዓት ያፈረሰ ይቀጣል፣ ምክንያቱም በአንድ ሰው ስንፍና ሻለቃው በሙሉ በተቅማጥ ሊወድቅ ይችላልና። ታዲያ ከጦሩ ሰፈር በታች ሌላ መንደር ቢኖርስ? የሰፈር ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ የፋብሪካውም ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። ከላይ ያለው ጥቅሙን ይሰበስባል፣ ከታች ያለው እጣቢውን ይጠጣል።

ማሌዢያ ይህን ችግር እንዴት እንደተጋፈጠችው በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። የአገሪቱ የድፍድፍ ፓልም ዘይት ምርት እ.ኤ.አ. በ1960 ከ100,000 ቶን ያነሰ ነበር። በ1975 ወደ 1.3 ሚሊዮን ቶን ከፍ አለ። በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን በቀጥታ ወደ ወንዝ ይለቁ ስለነበር በወንዝ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ምሬት በረታ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 የአካባቢ ጥራት ሕግ አወጣ፤ በ1977ም የፓልም ዘይት ፋብሪካዎችን ብቻ የሚመለከት ደንብ ጨመረበት። ደንቡ ፋብሪካዎቹን በአንድ ሌሊት አልዘጋም፤ በየዓመቱ እየጠበበ የሚሄድ ልክ ነበር የሰጣቸው። በ1978 በሊትር 5,000 ሚሊግራም፣ በ1979 2,000፣ በ1980 1,000፣ በ1981 500፣ በ1982 250፣ በ1984 100 ሚሊግራም።

ከዚህ ጋር ክፍያ ተያይዟል። ፋብሪካው ወደ ወንዝ ለሚለቀው ለእያንዳንዱ ቶን ብክለት 10 ሪንጊት፣ ከተፈቀደው ልክ በላይ ለሚለቀው ደግሞ 100 ሪንጊት እንዲከፍል ተወሰነ። በመጀመሪያው ዓመት እየከፈሉ መበከል ይቻል ነበር። አንዳንዶቹ ባለፋብሪካዎችም ከማጣራት መክፈል ይረክሳል ብለው አስልተው ከፈሉ። በሁለተኛው ዓመት ግን ልኩን ማለፍ በገንዘብ የማይታለፍ ጥፋት ሆነ። ለማጣሪያ ዘዴ ምርምር ገንዘብ ያወጣ ፋብሪካም ክፍያው እንዲቀነስለት ተደረገ። ውጤቱ ምን ሆነ? ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ደርሶ ሳለ፣ ወደ ወንዞች የሚለቀቀው ብክለት ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላይ ቀነሰ። ደንቡ ሲወጣ ኢንዱስትሪው ይሞታል ብለው ያስፈራሩ ነበሩ። ኢንዱስትሪው በሦስት እጥፍ አደገ።

ይህን ያስገኘው መሣሪያ ረቂቅ ማሽን አልነበረም። ኩሬ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ዘይቱ በሚገፈፍበት ገንዳ ያልፋል፤ ከዚያ ከ5 እስከ 7 ሜትር ጥልቀት ወዳላቸው፣ አየር ወደማይገባቸው ኩሬዎች ይወርዳል፤ በመጨረሻም አየር በሚያገኙ ገር ኩሬዎች ውስጥ ይውላል። መላው ጉዞ ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከ100 ቀናት በላይ ይወስዳል። ኩሬ ለመቆፈር ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ ብዙም አይፈጅም፤ ለአሠራሩም የውጭ ባለሙያ አይጠራበትም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛው ፋብሪካ የሚሠራው በዚሁ ነው። እኛም ኩሬን የሚንቁ የመሣሪያ ሻጮችን አነጋገር በጥርጣሬ እንመለከተዋለን።

ሆኖም ኩሬ ጉድለት አለው። ሰፊ መሬት ይወስዳል። አተላው ከታች እየዘቀጠ ጥልቀቱን ይበላዋል፤ በየጊዜው ካልተጠረገ ኩሬው ስሙ ብቻ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ዝናብ ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጓቲማላ ፔተን ግዛት በፓሲዮን ወንዝ ላይ ዓሣ በብዛት ሞቶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ተንሳፎ ተገኘ። ለጥፋቱ የተከሰሰው አንድ የፓልም ኩባንያ ሲሆን፣ በኃይለኛ ዝናብ ከሞሉ የፍሳሽ ኩሬዎቹ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለጊዜው ሥራ እንዲያቆም አዘዘ። በማግስቱ የወንዙን መበከል ካጋለጡት አንዱ የነበረ ወጣት መምህር በጥይት ተገደለ። ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ስንጽፍ የምንጽፈው ስለ ቧንቧና ስለ ኩሬ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያስገነዝባል።

ሌላው የኩሬ ጉድለት በዓይን አይታይም። አየር በሌለበት ብስባሽ ሲፈርስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ የምድርን ሙቀት በማባባስ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲመዛዘን በመቶ ዓመት ስሌት ከ25 እጥፍ በላይ ይከብዳል። በኩሬው ገጽ ላይ የሚፍለቀለቀው አረፋ እርሱ ነው። ወንዙን ያዳነው ኩሬ አየሩን ይበድላል ማለት ነው።

አዲሱ ዘዴ የተነሣው ይህን ጋዝ ለማጥመድ ነው። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኩሬውን በወፍራም የፕላስቲክ ሸራ መሸፈን ነው። ሁለተኛው ፍሳሹን በታላላቅ የብረት ጋኖች ውስጥ እያማሰሉ ማብላላት ነው። በጋን የሚብላላው ፍሳሽ በ15 ወይም በ20 ቀን ሥራውን ስለሚጨርስ ብዙ መሬት ይተርፋል። ከአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ 28 ሜትር ኩብ ያህል ባዮጋዝ ይወጣል፤ ከዚህ ከመቶ 60 እጁ ሜቴን ነው። ቀደም ብለን ያሰላነው ፋብሪካ በቀን 780 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ቢኖረው ወደ 21,800 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ያገኛል። ይህ ጋዝ በጄነሬተር ቢቃጠል፣ ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ወቅት፣ 2 ሜጋዋት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል። ለመጠነኛ ከተማ የሚበቃ መብራት ከእጣቢ ይወጣል ማለት ነው። ወደ ሰማይ የሚያመልጠው ሜቴንም፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር፣ በቀን ወደ 240 ቶን ይቀንሳል። ከጋኑ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅንና ፖታስየም ስላለው ለራሱ ለእርሻው ማዳበሪያ ይሆናል።

ይህን ያህል ጥቅም ካለው ለምን ሁሉም አልተከለውም? በ2020ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ወደ 450 ከሚጠጉት የማሌዢያ ፋብሪካዎች ባዮጋዝ የሚያጠምዱት ከግማሽ በታች ነበሩ። ባለቤቶቹ ሁሉ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። አንዱ ምክንያት የመትከያው ወጪ ነው፤ ለአንድ ፋብሪካ በሚሊዮን የሚቆጠር ሪንጊት ያስወጣል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የፓልም ፋብሪካ ኤሌክትሪክ አይቸግረውም። ከተጨመቀው ፍሬ የሚተርፈውን ጭረትና ቅርፊት በቦይለሩ ውስጥ እያነደደ እንፋሎቱንም መብራቱንም ራሱ ያመነጫል። ስለዚህ ከባዮጋዝ የሚያገኘው ኃይል ትርፍ ነው፤ ትርፉን ደግሞ ገዥ ካላገኘለት ዋጋ የለውም። በቦርንዮ ደሴት በሳባህ ግዛት እንዳሉት ዓይነት ከመብራት መስመር ርቀው በእርሻ መካከል ያሉ ፋብሪካዎች ጋዙን ቢያጠምዱ እንኳ ለማን ይሸጡታል? ብዙዎቹ አጥምደው እንዲሁ ያቃጥሉታል። አየሩ ይጠቀማል፤ ባለቤቱ ግን ወጪውን የሚመልስበት መንገድ የለውም።

የጥገናውም ነገር ቀላል አይደለም። በባዮጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሞተሩን ብረት ስለሚበላ አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ ይህን ቸል ያለ ፋብሪካ በሚሊዮን የገዛውን ጄነሬተር በጥቂት ዓመት ውስጥ ያጣዋል። ጋዙ ለሰው ሳንባም አደገኛ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ተሐዋስያንም እንደ ከብት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢመግቧቸው ይታመማሉ፣ ቢያስርቧቸው ይከሳሉ። የፍሬው ምርት ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ሌት ተቀን ሊቆምለት የግድ ነው። ማሽን ገዝቶ ሰው ሳያሠለጥኑ ማስመረቅ ምን እንደሚያስከትል፣ ሪባን ተቆርጦባቸው ዝገው የቀሩ ፓምፖችን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

በገበያ ላይ ብቻ መታመንም እንደማያዋጣ ታይቷል። በኪዮቶ ስምምነት መሠረት የበለጸጉ አገሮች በድሃ አገሮች የሚቀነሰውን ጋዝ በገንዘብ ይገዙ ስለነበር ብዙ የማሌዢያና የኢንዶኔዢያ ፋብሪካዎች በዚህ ተስፋ ኩሬያቸውን ሸፈኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለአንድ ቶን ከ10 ዩሮ በላይ ያወጣ የነበረው የምስክር ወረቀት በ2012 መጨረሻ ከ1 ዩሮ በታች ወረደ። ሸራው ተዘረጋ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። የማሌዢያ መንግሥት በበኩሉ በ2011 ባወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ከባዮጋዝ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ በተወሰነ የተሻለ ዋጋ እንዲገዛ አደረገ፤ ከጥር 2014 ጀምሮም አዲስ የሚከፈት ወይም ምርቱን የሚያስፋፋ ፋብሪካ ሁሉ ባዮጋዝ ማጥመጃ እንዲኖረው አስገደደ። በአዲሶቹ ላይ ግዴታ መጣሉ ትክክል ነው፤ ከመጀመሪያው በዕቅድ ሲገባ ወጪው ይቀንሳልና። ነባሮቹ ግን ሳይነኩ መቅረታቸው የደንቡ ድክመት ነው ብለን እናምናለን።

እስከዚህ ያለው ጋዝ የሚያስገኝ ስለሆነ ቢያንስ በከፊል ራሱን ይከፍላል። የማይከፍለው የመጨረሻው እርከን ነው። ባዮጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ውሃ አሁንም ወደ ወንዝ ለመግባት አይበቃም። በሳባህና በሳራዋክ ግዛቶች ባለ ሥልጣኖች ከ100 ሚሊግራም ወርደው እስከ 20 ሚሊግራም የሚደርስ ልክ ጠይቀዋል። ወደዚህ ለመድረስ አየር በሞተር መንፋት፣ በረቂቅ ወንፊት ማጣራት፣ በከሰል ማሳለፍ፣ ወይም ውሃውን በሙሉ ማትነን ያስፈልጋል። ወንፊቱ በቅባቱ ይደፈናል፤ በኬሚካል ይታጠባል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይለወጣል። የማትነኑ ሥራ እጅግ ብዙ ሙቀት ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ ፋብሪካው የሚሸጠው ነገር አያገኝም፤ የተጣራውን ውሃ መልሶ ለቦይለሩ ከተጠቀመበት ጥቂት ያድናል እንጂ። ተጠቃሚው ከታች ያለው ነው፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ውሃ የምትቀዳው እናት፣ በወንዙ ዳር ያለው ከተማ። የእነዚህ ጥቅም በፋብሪካው መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር፣ የሒሳብ ሹሙ ዘዴው አያዋጣም ብሎ ቢጽፍ በራሱ መዝገብ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው መዝገቡ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጥያቄው አዲሱ ዘዴ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው አይደለም፤ ለማን ነው የሚሰላው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግን የሚገባ ጥንቃቄ አለ። የፓልም ዘይት ዋጋ የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው፤ አንድ ፋብሪካ የማጣሪያ ወጪ ጨመረብኝ ብሎ ዋጋውን ከፍ ሊያደርግ አይችልም። ታዲያ ወጪውን ወዴት ይገፋዋል? ወደ ታች፣ ፍሬውን ወደሚሸጥለት ገበሬ። በማሌዢያ እ.ኤ.አ. በ1956 በተቋቋመው በፌልዳ የሠፈራ ፕሮግራም 4 ሄክታር ያህል መሬት ተሰጥቷቸው የሠፈሩ ቤተሰቦችና በኢንዶኔዢያ ያሉት ብዙ ትንንሽ አልሚዎች ፍሬያቸውን ለአቅራቢያቸው ፋብሪካ ከመሸጥ በቀር አማራጭ የላቸውም፤ ፍሬው አያድርምና። ወንዙን ለማዳን የወጣ ሕግ በድሃው ገበሬ ዘለላ ዋጋ ላይ እንዳይወርድ ከተፈለገ የፍሬው ዋጋ አተማመን በግልጽ እንዲታወቅ ማድረግና ለአነስተኛ ፋብሪካ በዝቅተኛ ወለድ ብድር ማመቻቸት ከሕጉ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ከዚህም ሌላ ውድ ማሽን ከመታዘዙ በፊት ርካሹ መሞከር አለበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በዘይት መጥለያው ላይ የሚጨመረውን ውሃ የሚቀንሱ መሣሪያዎች አሉ፤ ያልተጨመረ ውሃ መጣራት አያስፈልገውም። ፍሬው ተራግፎ የቀረው ባዶ ዘለላ ተከትክቶ፣ ፍሳሹ እየተርከፈከፈበት ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ሊለወጥ ይችላል፤ የክምሩ ሙቀትም ብዙውን ውሃ ያተነዋል። ይህ ሥራ አካፋና የማገላበጫ ትራክተር እንጂ ረቂቅ ወንፊት አይጠይቅም። ከመብራት መስመር ለራቀ አነስተኛ ፋብሪካ ከባዮጋዙ ይልቅ ይህ ይሻላል ብለን እናስባለን። ለትልቁና ለመስመሩ ቅርብ ለሆነው ግን ባዮጋዙን የሚተካ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን የፓልም ፋብሪካ ባይኖርም የዚህ ፍሳሽ የቅርብ ዘመድ ግን አለን፤ እርሱም የቡና እጣቢ ነው። በእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ቀዩ ልጣጭ ይላጣል፤ በፍሬው ላይ የሚቀረው ስኳርነት ያለው ልጋግ በገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ተደርጎ በብዙ ውሃ ይታጠባል። የሚወጣው ውሃ እንደ ፓልሙ ሁሉ የሚኮመጥጥና ኦክሲጅን የሚሻማ ነው። ጊዜውም ክፉ ነው። ማጠቢያው የሚበረታው ከጥቅምት ጀምሮ፣ የክረምቱ ጎርፍ አልፎ ወንዙ መቅጠን ሲጀምር ነው። በጅማና በሲዳማ አካባቢ ከማጠቢያ ጣቢያ በታች ባሉ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የውሃው ሕይወት ክፉኛ እንደሚጎዳ አረጋግጠዋል። የጣቢያው ቡና ወደ ውጭ ተሸጦ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፤ ከታች ያለው ገበሬ ግን በእነዚያ ወራት ከብቱን የሚያጠጣው ሌላ ወንዝ ፍለጋ ይሄዳል።

ሕግ የለም እንዳይባል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የጎደለው የማሌዢያው ዓይነት ደረጃ ነው፤ በዚህ ዓመት ይህን ያህል፣ በሚመጣው ዓመት ይህን ያህል የሚል፣ ባለ ጣቢያው አስቀድሞ አውቆ የሚዘጋጅበት፣ ተቆጣጣሪውም በቁጥር የሚጠይቅበት። በሁሉም ላይ በአንድ ቀን የሚጣል ጥብቅ ልክ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በወንዙ ዳር ግን ማንም አይፈጽመውም፤ ያልተፈጸመ ሕግም ከሕግ አልባነት ይልቅ ሰውን ንቀት ያስተምራል።

የባዮጋዝ ጋንና ረቂቅ ወንፊት በዓመት ሦስት ወር ብቻ ለሚሠራ የቡና ጣቢያ አይስማማም። ተሐዋስያኑ ዘጠኝ ወር የሚበሉት አያገኙም። ለዚህ የሚስማማው ትንሽ ውሃ የሚፈጅ መፈልፈያ፣ ልጣጩን ከውሃ ለይቶ ወደ ማዳበሪያ ክምር የሚወስድ መንገድ፣ የማይሞላ ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በታችም የተረፈውን ውሃ የሚመጥ የቬቲቨር ሣር መደብ ነው። ይህ በአንዳንድ ጣቢያዎች ተሞክሮ ሠርቷል። ወጪው የአንድ መኪና ቡና ዋጋ እንኳ የሚደርስ አይመስለንም።

የሚመለከታቸው የአስተዳደርና የእርሻ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ረገድ አንድ ነገር ቢያደርጉ እንወዳለን። የውሃው ናሙና ከጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን ከጣቢያው በላይና በታች ካለው ወንዝ ተቀድቶ ይለካ፤ ውጤቱም በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሳይቀር በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በክረምቱ ደለል የሞሉት የአምናው ጉድጓዶች የሚጠረጉበት ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው። ቀዩ ቡና መለቀም ከጀመረ በኋላ አካፋ የሚይዝ እጅ አይገኝም።